3 4 ደምር፦ በትርፍ ሰዓት የተሠሩ ትንንሽ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎችን ክረምቱን ሙሉ ሞከርናቸው

ክረምት ላይ የእህቴ ልጅ ከሸዋ ሮቢት እኔ ጋ መጣ። 9ኛ ክፍልን ገና መጨረሱ ነው። ቆላ ለለመደ ልጅ የደብረ ብርሃን ሐምሌ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያውን ሳምንት ጋቢ ተከናንቦ፣ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ስልክ ስጠግን ሲያየኝ ሰነበተ። በሁለተኛው ሳምንት «ጋሼ፣ ፕሮግራሚንግ አስተምረኝ» አለኝ።

ያለን ዕቃ ይኸው ነው። 2 ጊጋ ራም ያለው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ። ሊኑክስ ጭኜበታለሁ። ባትሪው ስለሞተ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ኢንተርኔቱ የስልክ ዳታ ነው። ዛሬ ፕሮግራሚንግ ልጀምር ለሚል ሰው አውርድ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ በጊጋ ነው የሚቆጠረው፣ ዳታውን ከፍዬ ባወርደው እንኳ ይህ ላፕቶፕ አይሸከመውም። ስለዚህ ለዓመታት ማታ ማታ ብቻዬን ስነካካቸው የኖርኩትን ነገሮች አወጣሁ። ሰዎች በትርፍ ሰዓታቸው፣ ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ ስለወደዱት ብቻ የሠሯቸውን የስታክ ቋንቋዎችና የአሬይ ቋንቋዎች ማለቴ ነው፣ ሁለቱ ምን እንደሆኑ በየተራቸው እነግራችኋለሁ። ሁሉም ነፃ ናቸው። ሁሉም ትንንሽ ናቸው። ለጀማሪ ግን እኩል አይሆኑም፣ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

በቅድሚያ ስታክ ምንድን ነው? ደብረ ብርሃን የኖረ ሰው የብርድ ልብስ ቁልል ያውቃል። አጥፈህ ትደርባለህ፣ ስትፈልግ ከላይ ታነሳለህ። የታችኛውን ከመሃል ልጎትት ካልክ ቁልሉ ይፈርሳል። ስታክም እንደዚሁ ነው። ቁጥር ትደርባለህ፣ ትእዛዝ ሲመጣ ከላይ ያሉትን አንስቶ ይሠራባቸውና ውጤቱን መልሶ ከላይ ያስቀምጠዋል። ፎርዝ በሚባለው የስታክ ቋንቋ «3 4 +» ብለህ ትጽፋለህ። 3 ተቀመጠ፣ 4 ተደረበ፣ የመደመር ምልክቷ ሁለቱንም አንስታ 7 አስቀመጠች። አለቀ።

የውጭ መጻሕፍት ይህን አጻጻፍ የተገለበጠ ይሉታል። ለእነሱ እውነት ነው፣ በቋንቋቸው ግሱ ከመሃል ነው የሚገባው። እኛ ግን «3ንና 4ን ደምር» ነው የምንለው። «ልብሱን እጠፍ»፣ «በሩን ዝጋ»፣ «በጉን እሰር»። መጀመሪያ ዕቃው፣ ከዚያ ሥራው። ልጁ ገና በመጀመሪያው ቀን «ይሄማ እንደምናወራው ነው እኮ» አለኝ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ፎርዝ ስነካካ ልብ ያላልኩትን ነገር እሱ በአንድ ሰዓት አየው። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ፎርዝን የፈጠረው ቻርልስ ሙር የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሪዞና ውስጥ ኪት ፒክ ላይ ያለውን የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የሚያንቀሳቅሰው እሱ በፎርዝ የጻፈው ፕሮግራም ነበር። ስሙም ታሪክ አለው። «አራተኛ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ነበር የፈለገው፣ የአራተኛ ትውልድ ቋንቋ ለማለት። ይሠራበት የነበረው የአይቢኤም ማሽን ግን የፋይል ስም ከ5 ፊደል በላይ አይቀበልም፣ ስለዚህ አንድ ፊደል ቆርጦ ጣለለት። አንድ ጊዜ ወደ ሀገራችንም ትምህርት ቤቶች የገቡትን አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ የተማሪ ላፕቶፖች የምታስታውሱ ካላችሁ፣ እነሱም ሲበሩ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም በፎርዝ የተሠራ ነበር። ማተሚያ ቤት ያሉ ትልልቅ ፕሪንተሮች የሚገባቸው ፖስትስክሪፕትም የስታክ ቋንቋ ነው። ማለትም የጠፋ ነገር አይደለም፣ ሥር ሥሩን የሚኖር ነገር ነው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ ልግባ።

የመጀመሪያው ጆንስፎርዝ ነው። ሪቻርድ ጆንስ የሚባል ሰው የሠራው ፎርዝ። ሁለት ፋይል ብቻ ነው፣ አንዱ በአሴምብሊ (ለማሽኑ ትእዛዝ በጣም በቀረበው ቋንቋ)፣ ሌላው በራሱ በፎርዝ። ሁለቱ ተደምረው 5,000 መስመር አይሞሉም፣ ከዚያም ውስጥ ማብራሪያው ከኮዱ ይበልጣል። ሰውየው የጻፈው ቋንቋ ብቻ አይደለም። ቋንቋ እንዴት እንደሚሠራ ከጎንህ ተቀምጦ እንደሚያስረዳ ሰው አድርጎ ነው የጻፈው። ፎርዝ ትእዛዞቹን «ቃል» ነው የሚላቸው፣ መዝገበ ቃላቱ በሚሞሪ ውስጥ እንዴት እንደሚሰነሰል በጽሑፍ ምልክቶች ሥዕል ሠርቶ ያሳይሃል። አንድ ቃል ጨርሶ ወደ ሚቀጥለው የሚሻገርባት ነገር ሁለት የአሴምብሊ ትእዛዝ ብቻ መሆኗን ያሳይሃል። ከሁሉ የገረመን ግን ሁለተኛው ፋይል ነው። «ከሆነ» እና «አለበለዚያ» የሚሉት ነገሮች፣ ሌላ ቋንቋ ላይ ከመሠረቱ የሚሰጡህ፣ እዚህ በራሱ በፎርዝ ነው የሚሠሩት። በቅንፍ ማስታወሻ መጻፍ እንኳ መጀመሪያ የለም። እሱም መሃል ላይ ይሠራና ከዚያ በኋላ ያለው ፋይል በቅንፍ ይጽፋል። ቤቱ እየተሠራ ሰውየው ውስጡ ሲኖር እንደማየት ነው።

እኛ ምን አደረግን? ቃሎቹን በአማርኛ ሰየምናቸው። ፎርዝ በቃልና በቃል መካከል ክፍት ቦታ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ፊደሉ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። የላይኛውን ቁጥር የምትደግመውን ዱፕን «ደግም» አልናት። ስዋፕን «ቀይር»፣ ድሮፕን «ጣል»። ከዚያ «ደምር»፣ «ቀንስ»፣ «አባዛ»፣ «አሳይ»። ልጁ የጻፈው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው («:» አዲስ ቃል ይከፍታል፣ «;» ይዘጋል)፦

: ካሬ ደግም አባዛ ;
5 ካሬ አሳይ

25 ብሎ መለሰልን። እስቲ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «5፣ ካሬ፣ አሳይ።» ይህ ኮድ ነው፣ አማርኛም ነው። ሌሎች ቋንቋዎች ላይም ቃሉን በአማርኛ መተካት ይቻል ይሆናል፣ የቃሉ ቅደም ተከተል ግን የሌላ ሰው አነጋገር ሆኖ ይቀራል። እዚህ ምንም የሚገለበጥ ነገር የለም።

በሦስተኛው ቀን ፕሮግራሙ ወደቀ። ልጁ ሸዋ ሮቢት ገበያ የሚሸጡትን የአጎቱን ጠቦቶች ዋጋ ሊያሰላ ፈልጎ አንድ ቃል ሠራ፣ ስሟን «የጠቦቶችንዋጋአስላ» አላት። ሠራት፣ ጠራት፣ ሁሉም ነገር ተዘጋ። ሌላ ቦታ ቢሆን እዚህ ላይ ተስፋ ይቆረጣል። እዚህ ግን ፋይሉን ከፍተን አነበብን። አንድ የእኛ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ይወስዳል። ስሙ 11 ፊደል ነው፣ ስለዚህ 33 ባይት። ጆንስፎርዝ የስምን ርዝመት የሚያስቀምጠው በ5 ቢት ነው፣ የሚችለውም እስከ 31 ብቻ ነው። 33ን በ5 ቢት ስታነበው 32ቱ ይጠፋና 1 ይሆናል። ስለዚህ ስሙ 1 ባይት ነው ብሎ አሰበና ኮዱ ይጀምራል ብሎ ያሰበበት ቦታ፣ የስሙ መሃል ላይ ዘለለ። ወደቀ። ከዚያ በኋላ ደንባችን ግልጽ ሆነ፣ ስም ከ10 ፊደል አይበልጥም። ይህን ስህተት ፈልገን ያገኘነው ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ማንም ሰው እርዳታ፣ ፋይሉን ብቻ እያነበብን ነው። አንድ የ15 ዓመት ልጅ የሚጠቀምበትን ቋንቋ ሆድ ዕቃ ከፍቶ ስህተቱን ያገኘበት ሌላ ዕቃ አላውቅም።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ለባለ 32 ቢት ኢንቴል ነው የተጻፈው፣ ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ የ32 ቢት ማጠናቀሪያ (ኮዱን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ድጋፉን ለብቻው መጫን ያስፈልጋል። ከፋይሉ ጋር በሚመጣው የማጠናቀሪያ ትእዛዝ ውስጥ ፕሮግራሙን አድራሻ 0 ላይ አስቀምጠው የምትል ቁራጭ አለች፣ የዛሬ ሊኑክስ ይህን አይፈቅድም፣ እሷን ስታወጣት ይሠራል። እኔን ይህች ነገር አንድ ሙሉ ማታ ፈጅታብኛለች፣ እናንተ ላይ እንዳትደርስ ነው የምጽፋት። ባዶ ስታክ ላይ «ደምር» ብትለውም አይከለክልህም፣ ያገኘውን ቆሻሻ ይደምርልሃል። ስልክ ላይም አይሆንም። ይህን ሁሉ ይዞ እንኳ ከ10 ዘጠኝ እሰጠዋለሁ።

ማንበብ ሳይሆን መሥራት ብቻ የሚፈልግ ሰው ጂፎርዝ የሚባለውን ሌላ ፎርዝ ይጫን። እሱ ለዓመታት በብዙ ሰው የተሠራ፣ የበሰለ ነገር ነው። ስታኩ ባዶ ሲሆን በግልጽ ይነግርሃል፣ የአማርኛ ቃሎቻችንንም ያለ ምንም ችግር ተቀብሏል። ከዚህ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም፣ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ዩክስን ነው። ይህን የሠሩት ሀንድረድ ራቢትስ የሚባሉ፣ በመርከብ ላይ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሸራ ባላት ትንሽ ጀልባ ውቅያኖስ አቋርጠዋል። መብራታቸው ከፀሐይ ነው፣ ኢንተርኔታቸው ደግሞ ወደብ ሲደርሱ የሚያገኙት ቀጭን መስመር። ሶፍትዌር ለመሥራት በጊጋ የሚቆጠር ነገር ማውረድ ሲሰለቻቸው የራሳቸውን ትንሽ የሐሳብ ኮምፒውተር፣ በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በፕሮግራም የሚኖር፣ ፈጠሩ። ይህን ታሪክ ለልጁ ስነግረው «እንደኛ ናቸው» አለኝ። ባሕር የሌለው ሀገር ውስጥ ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ተቀምጠን የመርከበኞች ችግር የኛ ሆኖ ማግኘታችን ገረመኝ።

ዩክስን 32 መሠረታዊ ትእዛዝ ብቻ አለው። ሚሞሪው 64 ኪሎባይት ነው። እያንዳንዳቸው 256 ባይት የሆኑ ሁለት ስታኮች አሉት። በዚህ ላይ ስክሪን፣ ድምፅ፣ ማውዝና ፋይል ሲጨመርበት ቫርቫራ ይባላል። ይህን ያህል ትንሽ ስለሆነ ሰዎች እንደ ኒንቴንዶ ዲኤስና ጌምቦይ አድቫንስ ባሉ አሮጌ መጫወቻዎች ላይ ሳይቀር አስነስተውታል። የእኛ ላፕቶፕ ላይ ምንም አልከበደውም፣ ማቀዝቀዣው እንኳ አልተነሳም። ከእሱ ጋር የሚሠሩት ፕሮግራሞች ያምራሉ፣ ሥዕል መሣያው፣ ጽሑፍ መጻፊያው፣ ሙዚቃ ማቀናበሪያው። ቀለማቸው ጥቂት፣ ጥርት ያሉ፣ ሥራ ያልበዛባቸው።

ለጀማሪ ግን ይከብዳል። ቁጥሩ ሁሉ በ16 ቤት ነው የሚጻፈው፣ ልጁ 10 ብሎ እየጻፈ 16 ሲያገኝ ሁለት ቀን ተበሳጨ። ቋንቋው ከአሴምብሊ ብዙም አይርቅም። ፊደላችን ደግሞ በአንድ ባይት ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ እያንዳንዱን ፊደል ራሳችን 8 በ8 ነጥብ አድርገን መሣል ነበረብን። ሀ፣ ለ፣ ተ ቀላል ናቸው። «ጨ» እና «ጪ»ን በ8 ነጥብ ስፋት መለየት ግን እውነተኛ ፈተና ነው፣ እግሮቿ ቦታ ይጨርሳሉ። ልጁ አንድ ከሰዓት ሙሉ ዝናብ ሲዘንብ ሲስል ዋለ፣ «ጨ» ላይ አራት ጊዜ አጠፋ። ሥዕልና ጨዋታ መሥራት ለሚፈልግ፣ ትዕግሥት ላለው ሰው በጣም ጥሩ ነገር ነው። መጀመሪያው ቋንቋ ግን አታድርጉት።

ጥገና ለምንሠራ ሰዎች ደግሞ ኮላፕስ ኦኤስ የሚባል አለ፣ ከወዳደቁ ዕቃዎች በተለቀመ ቺፕ ላይ እንዲነሳ ታስቦ የተሠራ በፎርዝ የተጻፈ ሲስተም። ዜድ80 ቺፕ እጄ ላይ ስላልነበረ በዕቃ አልሞከርኩትም፣ ሐሳቡን ግን ወድጄዋለሁ።

ወደ አሬይ ቋንቋዎች እንለፍ። እዚህ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ቁጥሮችን አንድ በአንድ ከመያዝ ይልቅ ዝርዝሩን ወይም ሠንጠረዡን በሙሉ እንደ አንድ ዕቃ ትይዘዋለህ። «ለእያንዳንዱ እንዲህ አድርግ» የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ላይ አንዴ ይደረጋል። የዚህ ሁሉ አባት ኬኔት አይቨርሰን ነው፣ ካናዳዊ የሒሳብ ሰው። ሐሳቡን መጀመሪያ ሃርቫርድ ሲያስተምር ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ነበር ያዘጋጀው። በ1962 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው፣ የቋንቋው ስም ኤፒኤልም ከመጽሐፉ ርዕስ የመጣ ነው። በ1979 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን ሽልማት፣ የቱሪንግ ሽልማትን፣ አግኝቷል። በ1989 አርተር ዊትኒ የሚባል ወዳጁ ቤቱ ሄዶ በአንድ ከሰዓት፣ በአንድ ገጽ ላይ ለአዲስ ቋንቋ የሚሆን አስተርጓሚ (ኮድ እያነበበ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ጽፎ አሳየው፣ ከዚያች ገጽ ተነስቶ ጄ የሚባለው ቋንቋ ተሠራ። በአንድ ከሰዓት! ዛሬ ይህን ያህል ሰው በትርፍ ሰዓቱ የራሱን አሬይ ቋንቋ የሚሠራው ይህ ስለሚቻል ይመስለኛል።

ስልክ ብቻ ያላችሁ ሰዎች ኦኬን ሞክሩ። ዊትኒ በኋላ የሠራውን ኬ የሚባል ቋንቋ ጆን ኧርነስት በጃቫስክሪፕት እንደ አዲስ የሠራው ነው። ብራውዘር ውስጥ ይከፈታል። ምልክቶቹ ሁሉ ኪቦርድ ላይ ያሉት የተለመዱት ናቸው፣ «+/» ማለት ሁሉንም ደምር ነው፣ «!5» ማለት ከ0 እስከ 4 ቁጠር ነው። ልጁ ላፕቶፑ ሲጠፋ በእኔ ስልክ ላይ ይሠራበት ነበር። ትንሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሲሳሳት ግን ምን እንደተሳሳትክ አይነግርህም፣ «ስህተት» ዓይነት አጭር ነገር ብሎ ዝም ይላል።

ዊዋ በ2023 የወጣች ናት። ስታክም ናት፣ አሬይም ናት። እዚህ ሁለቱ ተጋቡ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ምልክት አላት፣ ምልክቶቹም ያምራሉ። ኪቦርድ ላይ እንዴት ትጽፋቸዋለህ ካላችሁ፣ ፓወር ግዕዝ የለመደ ሰው ወዲያው ይገባዋል። እዚያ በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፁን ትመታለህ፣ ስክሪኑ ላይ ፊደላችን ይወጣል። ዊዋም ላይ የምልክቱን ስም በእንግሊዝኛ ትጽፋለህ፣ ስታስኬደው ራሷ ወደ ምልክት ትቀይረዋለች። እኛ ይህን አሠራር ድሮ የለመድን ሰዎች ነን። ለዚህ ይመስለኛል ልጁ በምልክቶቹ ያልደነገጠው።

የመጀመሪያ ፈተናችን የከተማችን ስም ነበር፦

⇌ "ደብረ ብርሃን"

«ንሃርብ ረብደ» ብላ ገልብጣ መለሰች። አንድም ፊደል አልተሰበረም። ርዝመቱን ስንጠይቃት ክፍት ቦታውን ጨምራ 8 አለች፣ ልክ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ፊደላችንን እንደ ባይት ቁርጥራጭ የሚያዩ ብዙ ዕቃዎች አይቻለሁ፣ ርዝመት ስትጠይቃቸው በሦስት አባዝተው የሚመልሱ። ዊዋ ፊደልን ፊደል አድርጋ ነው የምትይዘው። በዚህ ላይ ውጤቱ የሥዕል ቅርጽ ካለው ሥዕል አድርጋ፣ የድምፅ ቅርጽ ካለው ድምፅ አድርጋ ታቀርብልሃለች። ልጅ ለማስጀመር ከዚህ የሚበልጥ ማባበያ የለም።

ሁለት ቅሬታ አለኝ። አንደኛው፣ ስታክ ሆና ሳለ የምትነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። «3 4 ደምር» ሳይሆን «ደምር 3 4» ነው። ፎርዝ ላይ ያገኘነው የራሳችን አነጋገር እዚህ ጠፋ፣ ልጁም «አሁን ደግሞ ለምን ተገለበጠ?» አለኝ። ሁለተኛው፣ ገና ስላልረጋች ከስሪት ወደ ስሪት ነገሮች ይቀየራሉ። ካቻምና የጻፍኳቸው ትንንሽ ነገሮች አዲሱን ስሪት ስጭን ግማሾቹ አልሠሩም። ዳታ ከፍሎ ለሚያወርድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ አንድ ስሪት አውርዳችሁ እዚያው ላይ ቆዩ።

የመጨረሻውና ልጁ ያልጠገበው ቢኪውኤን ነው። ማርሻል ሎክባውም በ2020 ያወጣው፣ የኤፒኤልን ሐሳብ ወስዶ ከሥሩ ያስተካከለው። ብራውዘር ውስጥ የሚሠራ አለው፣ ሲ በሚባለው ቋንቋ የተጻፈ ፈጣን ስሪትም አለው። የሲውን ከምንጩ አጠናቀርኩት፣ ላፕቶፑ ትንሽ ለፋበት እንጂ ምንም አላስቸገረም። ምልክት ለመጻፍ ወደ ኋላ ያዘነበለችውን ጭረት ትመታና ቀጥሎ አንድ ቁልፍ፣ በሦስት ቀን እጅ ይለምዳል። ማብራሪያዎቹ ረጅምና ንጹሕ ናቸው፣ ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ሁሉ ሰውየው ጽፎታል።

መጀመሪያ የአጎቱን ጠቦቶች ጨረስን። አምስት ጠቦት፣ አምስት ዋጋ። አማካዩን ለማግኘት የሚጻፈው ይህ ብቻ ነው፦

(+´÷≠) 9500‿11200‿8800‿10400‿12600

10500 አለ። ምልክቶቹን በቃል ብናነባቸው «ድምሩ ሲካፈል ለብዛቱ» ነው። ሌላ ምንም የለም። ስንቶቹ ከ10,000 ብር በላይ ናቸው?

+´10000<9500‿11200‿8800‿10400‿12600

3። ከበለጠ 1፣ ካልበለጠ 0፣ ከዚያ መደመር። ልጁ ይህችን ሲያይ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፣ መቁጠር ማለት መደመር ነው እንዴ?» አለኝ።

ከዚያ የሆነውን ግን አላቀድኩትም። ቢኪውኤን ላይ ፊደልና ቁጥር መደመር ይቻላል። ፊደላችን ደግሞ ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለዓለም ፊደሎች ቁጥር የሚሰጥበት ሠንጠረዥ) ውስጥ የተቀመጠው በቤት በቤቱ ነው፣ ለእያንዳንዱ ቤት 8 ቦታ ተሰጥቶታል። ስለዚህ «በ» ላይ ከ0 እስከ 6 ስትደምር፦

'በ'+↕7

«በቡቢባቤብቦ» ይላል። ልጁ ጮኸ። ጎረቤት ያለችው ቡና የምታፈላው ልጅ ምን ሆናችሁ ብላ መጣች። ከዚያ ወዲያው ሠንጠረዡን ሠራነው፦

'ሀ'+(8×↕5)+⌜↕7

የፊደል ገበታ! ሀ ሁ ሂ፣ ለ ሉ ሊ፣ ሐ ሑ ሒ፣ መ ሙ ሚ፣ ሠ ሡ ሢ፣ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀለው ተደርድሮ። ከአንድ መስመር። ቄስ ትምህርት ቤት የፊደል ገበታ በእንጨት እየጠቆምኩ ነው ያደግኩት፣ ያ ገበታ ውስጡ ይህን ያህል ቀጥ ያለ ሒሳብ መሆኑን እስከዚያች ማታ ድረስ አይቼው አላውቅም ነበር። 5ን ወደ 10 ስንቀይረው ከ«ቀ» ቀጥሎ አንድ እንግዳ ረድፍ መጣ፣ ቈ፣ ከዚያ ባዶ ሳጥን፣ ከዚያ ቊ ቋ ቌ ቍ፣ ከዚያ ደግሞ ባዶ። ካዕብና ሳብዕ የሌላቸው ፊደሎች ቦታቸው ባዶ ሆኖ ተጠብቆላቸዋል። ልጁ ባዶዎቹን ሳጥኖች ስህተት መስሎት ነበር።

ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ የፊደላችን ስፋት ከሳጥኑ ስለሚበልጥ ረድፎቹ ተጣበው፣ አንዳንዱ በሌላው ላይ ወጥቶ ይታያል። ይህ የቢኪውኤን ጥፋት አይደለም፣ የፎንቱ ነው። ብራውዘር ውስጥ ስትከፍቱት በጣም ይሻላል። ሲሳሳት የሚሰጠው መልእክት ከኦኬ ይሻላል፣ የትኛው ምልክት ላይ እንደወደቀ ይጠቁምሃል።

ስለዚህ እንዲህ እመክራለሁ። ኮምፒውተር ካላችሁና ነገሩ ከሥሩ እንዲገባችሁ ከፈለጋችሁ፣ ጆንስፎርዝን አውርዳችሁ ማንበብ ጀምሩ፣ ቃሎቹንም በአማርኛ ሰይሙ። ከቁጥር፣ ከዝርዝር፣ ከጽሑፍ ጋር መሥራት ካማራችሁ ቢኪውኤን። ለትንሽ ልጅ፣ ቶሎ የሚታይ ነገር ለሚፈልግ፣ ዊዋ። ሁሉንም አንድ ላይ የያዝኩበት ፍላሽ ዛሬ ከሚወጣ ከአንድ የስልክ ጨዋታ ያነሰ ቦታ ነው የወሰደው።

ልጁ መስከረም ላይ ትምህርት ሊጀምር ተመለሰ። ፍላሹን ይዞ ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ማታ ደወለልኝ፣ «ጋሼ፣ ጻፍ» አለኝ፣ እኔም ጠረጴዛዬ ላይ በተገኘ ደረሰኝ ጀርባ ጻፍኩ፦

8|"ብርሃን"-'ሀ'

እያንዳንዱ ፊደል ከ«ሀ» ያለው ርቀት ለ8 ሲካፈል ስንት ይተርፋል ማለት ነው። እኔ ጋ ስሞክረው የወጣው 5 5 3 5 ነው። 0 ግዕዝ ከሆነ፣ 3 ራብዕ ነው፣ 5 ሳድስ። ሳድስ፣ ሳድስ፣ ራብዕ፣ ሳድስ። የአማርኛ መምህራቸው ስለ ፊደል ቤቶች ሲያስተምሩ ሰምቶ ቤት ሄዶ የሠራው ነው። አሁን የግጥም ቤት የሚመታውንና የማይመታውን የሚለይ ልሠራ ነው ይላል፣ የመጨረሻዋን ፊደል ብቻ እንዴት እንደሚያወጣ ነበር የደወለው። ⊑⌽ አልኩት። ገልብጥ፣ የመጀመሪያውን ውሰድ።